አንዴ ጭኖ ለሠላሳ ማዳረስ፦ ኦፕሬቲንግ ሲስተምን በኔትወርክ ስለ መገልበጥ

ጥገና ቤት ሄዶ «ኮምፒውተሬን ፎርማት አድርጉልኝ» የሚል ሰው የመጣው ዲስኩ ባዶ እንዲሆንለት አይደለም። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ እንዲጫን፣ ድራይቨሩ እንዲሟላ፣ ኦፊሱ እንዲገባ፣ ፕሪንተሩ እንዲታወቅ፣ የአማርኛ መጻፊያው እንዲሠራለት ነው የሚፈልገው። ይህ ሁሉ ለአንድ ማሽን ግማሽ ቀን ቢፈጅ ማንም አያጉረመርምም። ሠላሳ ኮምፒውተር የተደረደረበት የትምህርት ቤት ላብ ሲሆን ግን አንድ ባለሙያ ሦስት ሳምንት ያህል «ቀጥል»፣ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ሊከርም ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። አንዱን ኮምፒውተር አሳምሮ መጫን፣ ከዚያ ዲስኩ ላይ ያለውን በኔትወርክ ኬብል ወደ ሌሎቹ ማስተላለፍ። ባለሙያዎቹ «ክሎን ማድረግ» ይሉታል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኮምፒውተሮቹ በአንድ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎችን በሚያገናኝ ሣጥን) መገናኘታቸው ይበቃል። ስለዚህ ዳታ አለቀ፣ ኮኔክሽን ተቋረጠ የሚባል ነገር እዚህ የለም።

ብዙ ሰው ስለዚህ ነገር ሲሰማ ከባዱ ማስተላለፉ፣ ቀላሉ ከዚያ በኋላ ያለው ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው ባይ ነኝ። ዲስክ ማንበብና መጻፍ ኮምፒውተር ሲሠራ የሚውለው ነገር ነው። ራስ ምታቱ የሚጀምረው የተገለበጠው ሲስተም በሌላ ማሽን ላይ ነቅቶ የድሮ ዲስኩንና የድሮ ኔትወርክ ካርዱን ሲፈልግ፣ ከዚያም አልፎ ስሙንና መለያውን ከሠላሳ መንትዮች ጋር ሲጋራ ነው።

ኮፒ ፔስት ለምን አይበቃም

«ሲ ድራይቭ ላይ ያለውን ሁሉ ገልብጬ ሌላው ላይ ብለጥፈውስ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። አይሆንም። ሲስተሙ ያለው ሲ ላይ ብቻ አይደለማ። በአሁኖቹ ማሽኖች ላይ ዊንዶውስ ሲጫን ዲስኩን ቢያንስ ሦስት አራት ቦታ (ፓርቲሽን) ይከፍለዋል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚነበበው የማስነሻ ፓርቲሽን አለ፤ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሜጋባይት ይጀምራል፣ በተለመደው የፋይል መስኮት ግን አይታይም። ቀጥሎ ማይክሮሶፍት ለራሱ ያስቀመጠው 16 ሜጋባይት ቦታ አለ። ከዚያ ሲ፣ ከሲ ኋላ ደግሞ ሲስተሙ ሲበላሽ የሚያገለግለው የማገገሚያ ፓርቲሽን ይመጣል። ባዮስ በሚባለው የድሮ የማስነሻ ፕሮግራም በሚነሱት የቆዩ ማሽኖች ላይ የማስነሻው የመጀመሪያ ቁራጭ ጭራሽ ፋይል አይደለም፤ በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ላይ በቀጥታ የተጻፈ ኮድ ነው። ፋይል እየመረጠ የሚገለብጥ ሰው አያገኘውም።

ሁለተኛው እንቅፋት ሲስተሙ እየሠራ መሆኑ ነው። ዊንዶውስ በሚሠራበት ጊዜ የሬጅስትሪ ፋይሎቹን (ቅንብሮቹ የሚቀመጡባቸውን) ቆልፎ ይይዛል። ሌላው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ሊኑክስ፣ እንዲህ አይቆልፍም፤ ግን ይህ ይብስ እንደሆነ እንጂ አይሻልም። መገልበጡ ሲጀመር የነበረው ፋይልና ሲያልቅ ያለው ፋይል የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። እንደ ማይኤስኪውኤል ያለ ዳታቤዝ እየሠራ ከተገለበጠ ከፊሉ ቀደም ያለው፣ ከፊሉ አዲሱ ሆኖ ይወጣና ሲከፈት ተበላሽቷል ይላል።

መፍትሔው የሚገለበጠውን ሲስተም ማስተኛት ነው። ምንጩም ተቀባዩም ኮምፒውተር ከራሳቸው ዲስክ አይነሱም፤ ከፍላሽ ወይም ከኔትወርክ በሚመጣ ትንሽ ሊኑክስ ይነሳሉ። ይህ ትንሽ ሲስተም የሚኖረው ራም ላይ ስለሆነ ዲስኩን ማንም አልያዘውም፤ እንዳሻው ያነበዋል፣ ይጽፍበታል።

ምን ያህሉ ይገለበጥ

ዲዲ የሚባል አሮጌ የዩኒክስ ትእዛዝ አለ። ዲስኩን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው ሳይመርጥ ያነባል። ያነበበውን ኔትካት ለሚባል ሌላ ትእዛዝ ከሰጡት ኔትካቱ በኬብሉ ይልከዋል፤ ወዲያኛው ማሽን ላይ የሚጠብቀው ኔትካት ተቀብሎ ለዚያኛው ዲዲ ያቀብለዋል፤ እሱም ዲስኩ ላይ ይጽፈዋል። በየማሽኑ አንድ አንድ መስመር ጽፎ ሥራው ያልቃል። የማስነሻው ኮድም፣ የተደበቁት ፓርቲሽኖችም፣ የተመሰጠረውም ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ዲዲ ውስጡ ያለው ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም።

ነገር ግን ዲዲ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። «ከየት» እና «ወዴት» የሚለውን ያቀያየረ ሰው ባዶውን ዲስክ በሞላው ላይ ይገለብጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመለስ ነገር የለም። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የቀልድ ስሙ «ዲስክ አጥፊ» መሆኑ ያለ ነገር አይደለም። የዲስኩን ስም ብቻ አምኖ መጀመርም ልክ አይደለም፤ ከፍላሽ ሲነሱ ስሞቹ ቅደም ተከተላቸውን ይለዋውጣሉ። መጠኑንና የተከታታይ ቁጥሩን አይቶ ማረጋገጥ ነው።

ሁለተኛው የዲዲ ችግር ሰዓት ነው። 500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ የተያዘው 40 ጊጋባይት ብቻ ቢሆንም ዲዲ ባዶውን 460 ጊጋባይት ጭምር ይልካል። ጊጋቢት የሚባለው ኔትወርክ በተግባር በሰከንድ ወደ 112 ሜጋባይት ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ሙሉው ዲስክ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ 75 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ስዊቹ የድሮው ባለ 100 ሜጋቢት ከሆነ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ማታ ተጀምሮ ጠዋት መብራት ሳይጠፋ ከተገኘ ዕድለኛ ነን።

ተቀባዩ ዲስክ ከምንጩ በትንሹም ቢሆን ካነሰ ዲዲ መጨረሻው ላይ ቦታ አጥቶ ይቆማል። ሁለቱም ላይ «500 ጊጋባይት» ተብሎ ስለተጻፈ እኩል ናቸው ማለት አይደለም፤ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ከበለጠ ግን ችግር የለም፤ ትርፉ ቦታ ሳይመደብ ይቀራል። የአሁኖቹ ዲስኮች የፓርቲሽን ሠንጠረዣቸውን መጠባበቂያ ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጡ ግን ይህ ቅጂ ትልቁ ዲስክ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ ጂዲስክ በመሳሰሉ መሣሪያዎች ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

ለዚህ ነው ብልሆቹ መሣሪያዎች ሌላ ዘዴ የሚከተሉት። ፓርትክሎን የሚባለው ፕሮግራም የፋይል ሲስተሙን (ፋይሎች ዲስኩ ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት) ቋንቋ ያውቃል፤ የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን የሊኑክሱ ኤክስት4 የትኛው ብሎክ እንደተያዘ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ ጠይቆ የተያዘውን ብቻ ያነባል። ከላይ ያልነው 500 ጊጋባይት ወደ 40 ይወርዳል፣ 75 ደቂቃው ወደ 6። ሲጨመቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የተመሰጠረ ወይም የማያውቀው ፓርቲሽን ከገጠመው ግን ወደ ዲዲ ዘዴ ይመለሳል።

ሦስተኛው መንገድ ፋይል በፋይል መሄድ ነው፤ ይህ ለሊኑክስ ነው የሚሆነው። አርሲንክ የሚባለው መሣሪያ፣ አንድሩ ትሪጄልና ፖል ማኬራስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት፣ ሁለቱ ወገን ያለውን አወዳድሮ ልዩነቱን ብቻ ይልካል። ዲስኮቹ መጠናቸው ቢለያይ፣ የፋይል ሲስተሙ ዓይነት ቢለያይ ግድ አይሰጠውም። በምትኩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፋይሎቹ ፈቃድና ባለቤት፣ አንድ ፋይል በሁለት ስም የሚታይበት ትስስር፣ ተጨማሪ መለያዎቹ ሁሉ አብረው እንዲሄዱ በግልጽ መታዘዝ አለበት። ባለቤትነቱ በስም ሳይሆን በቁጥር እንዲሄድ ማዘዝም አይረሳ፤ ከፍላሽ የተነሳው ሊኑክስ ለተመሳሳይ ስም ሌላ ቁጥር ሊኖረው ስለሚችል ፋይሎቹ በማያውቃቸው ባለቤት እጅ ይገባሉ። በሚሠራ ሲስተም ላይ ከሆነ ደግሞ ፕሮክ፣ ሲስ፣ ዴቭና ረን የሚባሉት ፎልደሮች ይዘታቸው አይገለበጥም፤ ዲስክ ላይ የሌሉ፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) በራም ላይ የሚያሳያቸው ናቸው።

ከአንድ ወደ ሠላሳ

ይህን ሥራ ወደ ቢሮና ወደ ላብ ያስገባው ጎስት የተባለው ፕሮግራም ነው። መሬይ ሃዛርድ የተባለ ኒውዚላንዳዊ ኦክላንድ ላይ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሠራው፤ ሲማንቴክ እ.ኤ.አ. በ1998 ገዝቶ ኖርተን ጎስት አደረገው። ለዓመታት ጥገና የሚሠራ ሰው ቦርሳ ውስጥ የጎስት ሲዲ አይጠፋም ነበር። ዛሬ ቦታውን በብዛት የያዘው ክሎንዚላ ነው። ታይዋን ውስጥ ባለው ብሔራዊ የከፍተኛ ስሌት ማዕከል የተጀመረ፣ ነፃ የሆነና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ መሣሪያ ነው፤ ከውስጥ የሚሠራለት ከላይ የጠቀስነው ፓርትክሎን ነው። ፎግ የሚባልም አለ፤ እሱ በድረ ገጽ መቆጣጠሪያ ማሽኖቹን እየመዘገበ ስለሚያስተዳድር ቋሚ ላብ ላላቸው ይመቻል።

ሠላሳ ፍላሽ አዘጋጅቶ መዞር አድካሚ ስለሆነ ኮምፒውተሮቹ ከኔትወርክ እንዲነሱ ይደረጋል። ፒኤክስኢ የሚባለው አሠራር ለዚህ ነው፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መግለጫ የጸና ሲሆን ዛሬ ባለ ኬብል ኔትወርክ ካርድ ያለው የቢሮ ኮምፒውተር ሁሉ ማለት ይቻላል አለው። ማሽኑ ሲበራ ዲስኩን ሳይነካ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?» ብሎ ወደ ኔትወርኩ ይጮኻል። ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ አድራሻውን ይሰጠውና የማስነሻ ፋይሉ የት እንዳለ ይነግረዋል። ማሽኑ ፋይሉን ቲኤፍቲፒ በሚባል ቀላል ዘዴ ያወርዳል፤ ከዚያ ትንሹ ሊኑክስ ወደ ራም ይገባል።

እዚህ ላይ የሚያደናቅፈው ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ላቡ ውስጥ ቀድሞውኑ አድራሻ የሚሰጥ ራውተር ካለ ሁለት ዲኤችሲፒ ይሆናሉ፤ ቀድሞ የመለሰው ያሸንፋል፤ ራውተሩ ከቀደመ ማሽኑ አድራሻ ያገኛል፣ የማስነሻ ፋይል ግን አያገኝም። አንዱ መላ የክሎን ኔትወርኩን ለብቻው ነጥሎ ራውተሩን ለጊዜው መንቀል ነው። ሌላው ሰርቨሩን አድራሻ እንዳይሰጥ፣ የፋይሉን ቦታ ብቻ እንዲናገር ማድረግ ነው። በዋይፋይ መሞከር ግን አይመከርም፤ ፒኤክስኢ በአብዛኛው በዋይፋይ አይሠራም፣ ቢሠራም ቀጥሎ ያለው ነገር አይሆንለትም።

ቀጥሎ ያለው መልቲካስት ነው። ኢሜጁን፣ ማለትም በፋይል የተቀመጠውን የዲስክ ግልባጭ፣ የያዘው ሰርቨር ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ለየብቻው 40 ጊጋባይት ቢልክ በአንዱ ጊጋቢት ኬብሉ 1200 ጊጋባይት ማውጣት አለበት፤ ሦስት ሰዓት ነው። በመልቲካስት ግን አንዴ ብቻ ይልካል፤ ስዊቹ ያንኑ ለሁሉም ያባዛዋል። መምህር የቃል ጽሕፈት ሲያስጽፍ እንደሚሆነው ነው፤ አንዴ ያነባል፣ ክፍሉ ሙሉ ይጽፋል፤ ያመለጠው እጁን ሲያወጣ ይደግምለታል፤ ጽሑፉ ቀርፋፋ የሆነ አንድ ልጅ ካለ ግን ሁሉም እሱን ይጠብቃል። የክሎንዚላ አዘጋጆች 41 ኮምፒውተሮችን በአንድ ጊዜ በ5.6 ጊጋባይት ኢሜጅ ለመሙላት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ እንደወሰደባቸው ይናገራሉ።

ያ ቀርፋፋ ልጅ በተግባር ብዙውን ጊዜ ኬብል ነው። ጊጋቢት ኔትወርክ የኬብሉን ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን በአራቱ ብቻ ይሠራል። ከቀሪዎቹ አራት ሽቦዎች አንዱ ጫፉ ላይ ቢላቀቅ ማሽኑ ምንም ሳይናገር ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። የማሽኑ ተጠቃሚ ፌስቡክ ሲከፍት ልዩነቱ አይታየውም፤ መልቲካስት ሲጀመር ግን ሃያ ዘጠኙ ማሽን በእሱ ፍጥነት ይጎተታል። ስዊቹ ላይ ያሉትን መብራቶች ቀድሞ ማየት ይህን ያጋልጣል፤ በብዙ ስዊቾች ላይ የጊጋቢትና የ100 ሜጋቢት መብራት ቀለሙ ይለያያል። ኬብሉ ደህና ሆኖም አሮጌ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን በመጻፉ ሊዘገይ ይችላል። እንዲህ ያሉትን ለይቶ ለብቻቸው በሌላ ዙር መሙላት ይሻላል።

የሕንፃው ኔትወርክ ከላቡ ጋር የተያያዘ ከሆነም መጠንቀቅ ነው። መልቲካስትን የማይለይ ርካሽ ስዊች የሚመጣለትን ሁሉ በየወደቡ ይበትናል፤ የጸሐፊዋ ኮምፒውተርም፣ የዋይፋይ ማሰራጫውም ሳይፈልጉ ይደርሳቸዋል። ዋይፋይ መልቲካስትን በዝቅተኛው ፍጥነቱ ስለሚያስተላልፍ የመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት ድንገት ይታነቃል፤ ምክንያቱ ላብ ውስጥ ያለው ክሎን መሆኑን የሚጠረጥር ግን አይገኝም።

ሲነቃ ማን ሆኖ ይነቃል

ሊኑክስ በአብዛኛው ዲስኩን የሚያውቀው ዩዩአይዲ በሚባል ረጅም መለያ ነው፤ ኤፍኤስታብ የሚባለው ፋይል ውስጥ ተጽፏል። በዲዲ ወይም በፓርትክሎን ከተገለበጠ መለያውም አብሮ ስለሚሄድ ሲስተሙ ዲስኩን ያገኘዋል። አዲስ ፓርቲሽን ፎርማት አድርጎ በአርሲንክ የገለበጠ ግን አዲስ መለያ ተፈጥሮለታል፤ ኤፍኤስታቡና የግረብ ማስነሻው ገና አሮጌውን ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ሁለቱም መታረም አለባቸው። በተቃራኒው መንትያ መለያ ያላቸውን ሁለት ዲስኮች አንድ ማሽን ላይ ሰክቶ መነሳት ሌላ ግራ መጋባት ነው፤ ሲስተሙ ከየትኛው እንደተነሳ አይታወቅም።

ባዮስን በተካው ዩኢኤፍአይ የሚነሱት የአሁኖቹ ማሽኖች ደግሞ ከየትኛው ፋይል እንደሚነሱ የሚመዘግቡት ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ማስታወሻ እንጂ ዲስኩ ላይ አይደለም። ዲስክ ሲገለበጥ ይህ መዝገብ አይሄድም። ዊንዶውስ በነባሪው ፎልደር ውስጥ የማስነሻ ፋይል ስለሚያስቀምጥ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣል። አንዳንድ የሊኑክስ ጭነቶች ግን ይህን አያደርጉም፤ «የሚነሳ ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ዲስኩ በትክክል ተገልብጧል፤ የሚጠራው ጠፍቶ ነው።

ድራይቨርም አለ። ፌዶራና ሬድ ሃት የመጀመሪያውን የማስነሻ ጥቅል ሲያዘጋጁ የተጫኑበት ማሽን የሚፈልገውን ድራይቨር ብቻ ይከታሉ፤ ወደ ሌላ ዓይነት የዲስክ መቆጣጠሪያ ሲሄዱ ዲስኩን ማየት ሊያቅታቸው ይችላል። ኡቡንቱና ዴቢያን ግን አብዛኛውን ድራይቨር አጭቀው ስለሚሄዱ እንግድነት አይከብዳቸውም። ዊንዶውስ ላይ ታዋቂው ምልክት ሰማያዊው ስክሪንና ዲስኩን መድረስ አልቻልኩም የሚለው መልእክት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ምንጩ ኮምፒውተር ባዮስ ውስጥ ዲስኩን በኤኤችሲአይ፣ ተቀባዩ ደግሞ በኢንቴል ሬይድ ዘዴ እንዲያነብ መቀመጡ ነው። ሁለቱን ማመሳሰል ይፈታዋል። አንድ ዓይነት ሞዴል ባላቸው ማሽኖች መካከል ክሎን ሰላማዊ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተንኮለኛው ግን ያለ ምንም ስሕተት የተነሳው ሲስተም ነው። ሠላሳው ማሽን በሰላም ይከፈታል፤ ግን ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። የዘመኑ ሊኑክስ ማሽን አይዲ የሚባል 32 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ አለው። አንዳንድ ሲስተሞች፣ በተለይ የኡቡንቱ ሰርቨር፣ አድራሻ ሲጠይቁ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት ከዚህ በሚወጣ መለያ ነው። ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ሁሉንም አንድ ማሽን ናቸው ብሎ ስለሚያምን ያንኑ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ይሰጣቸዋል። የኔትወርክ ካርዶቹ የተለያዩ መሆናቸውን ያየ ባለሙያ እንዴት ሊሆን ይችላል እያለ ግማሽ ቀን ያጠፋል። መድኃኒቱ ኢሜጁ ከመወሰዱ በፊት የማሽን አይዲውን ፋይል ባዶ ማድረግ ነው፤ ፋይሉን ማጥፋት ሳይሆን ባዶ ማድረግ። እያንዳንዱ ማሽን ሲነሳ የራሱን ይፈጥራል። የኤስኤስኤች (ማሽኖች ተመስጥረው በርቀት የሚገናኙበት ዘዴ) ቁልፎችም እንዲሁ ተደምስሰው በየማሽኑ እንደገና መፈጠር አለባቸው፤ አለዚያ የአንዱን ቁልፍ ያገኘ ሰው የሠላሳውንም አገኘ ማለት ነው። የኮምፒውተሩን ስም መቀየር ማንም አይረሳውም፤ በስክሪኑ ላይ ይታያላ።

በዊንዶውስ በኩል ይህ ጉዳይ ረጅም ክርክር አለው። ዊንዶውስ ሲጫን ኤስአይዲ የሚባል መለያ ለማሽኑ ይፈጠራል። የዊንዶውስ ባለሙያው ማርክ ሩሲኖቪች ኤስአይዲን የሚቀይር ኒውኤስአይዲ የተባለ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ግን እሱው ራሱ ተነስቶ የማሽን ኤስአይዲ መመሳሰል የሚፈራውን ያህል ችግር አያመጣም ብሎ ጻፈና መሣሪያውን አነሳው። ማይክሮሶፍት ግን ክሎን ሲደረግ መለያውን በሚያጸዳው ሲስፕሬፕ በተባለ ፕሮግራም እንዲሆን ማሳሰቡን አልተወም። ብዙዎች የመጀመሪያውን ሰምተው ሁለተኛውን ተዉት። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2025 መጨረሻ ጀምሮ የወጡት የዊንዶውስ 11 እድሳቶች ይህን መለያ መመርመር ሲጀምሩ ሲስፕሬፕ ሳይደረግ የተገለበጡ ማሽኖች እርስ በርስ ፎልደር መጋራትና በሪሞት ዴስክቶፕ መግባት አቃታቸው፤ የይለፍ ቃሉ ልክ ሆኖ ሳለ አይቀበሉም። ስለዚህ «ለእኔ ለዓመታት ሠርቶልኛል» የሚለው መከራከሪያ ዛሬ አያስኬድም።

ሲስፕሬፕ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ፕሮግራም ነው። ጄኔራላይዝ የሚለው ምርጫ ተመርጦ ሲሄድ የማሽኑን መለያና ለዚያ ሃርድዌር የተለዩ መረጃዎችን አጽድቶ ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል። ከዚያ ዲስኩ ሳይነሳ ኢሜጁ ይወሰዳል። በስሕተት አንዴ ከተነሳ ማጽዳቱ ከንቱ ሆነ፤ እንደገና ነው። ብዙ ጊዜ ሲስፕሬፕ መሃል ላይ የሚቆመው ከማይክሮሶፍት ስቶር ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ በተጫነ ወይም በታደሰ አፕ ምክንያት ነው፤ ማስተሩን፣ ማለትም ኢሜጁ የሚወሰድበትን ኮምፒውተር፣ ሲያዘጋጁ ኢንተርኔቱን መንቀል ይህን ከመነሻው ይከላከላል። የዊንዶውስ ዲስክ መመስጠሪያ የሆነው ቢትሎከርም መጥፋት አለበት፤ ቁልፉ ምንጩ ማዘርቦርድ ላይ ባለው ቲፒኤም ቺፕ ስለሚታሰር ግልባጩ በሌላ ማሽን ላይ ባለ 48 አኃዝ የማገገሚያ ቁጥር ይጠይቃል።

ፈቃድ ሌላ ጉዳይ ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር የተሸጠ ዊንዶውስ ፈቃዱ ከዚያ ማዘርቦርድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ኢሜጁ ቢሄድም ፈቃዱ አብሮ አይሄድም። እያንዳንዱ ማሽን የየራሱ ፈቃድ ካለውና እትሙ አንድ ከሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያጸድቃል። የሊኑክስ ላብ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ ትምህርት ቤት ከሆነ እኔ ቢያንስ ግማሹን ማሽን ሊኑክስ ባደርግ እመርጣለሁ።

ኢሜጁ ውስጥ የተረሳው

ኢሜጅ ማለት የአንድን ሰው ሙሉ ዲስክ መያዝ ነው። የዋይፋይ ይለፍ ቃል፣ ብሮውዘር ያስቀመጣቸው አካውንቶች፣ ሪሳይክል ቢን ውስጥ የቀረ ደብዳቤ፣ ሁሉም ለሠላሳ ይባዛል። ዲዲ ባዶ የሚመስለውን ቦታ ጭምር ስለሚገለብጥ የተሰረዙ ፋይሎችም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ መልሶ የሚያወጣቸው ፕሮግራም ደግሞ በነፃ ይገኛል። ማስተሩ ማንም ሲጠቀምበት የቆየ ሳይሆን ከባዶ የተጫነ ማሽን መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ኔትካት ምንም ሳይመሰጥር ነው የሚልከው፤ መስመሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉን ይቀዳል። የማያምኑት ኔትወርክ ከሆነ በኤስኤስኤች ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይሠራል። ለላብ ግን ለብቻው የተነጠለ ስዊች ከሁሉም ይቀላል።

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ምንጩ ስለሚነበብ ብቻ አይጎዳም። ተቀባዩ ግን ግማሽ ሆኖ ይቀራል፤ በዲዲና በፓርትክሎን ከሆነ ከመጀመሪያው ይጀመራል፣ አርሲንክ ግን ያቆመበትን አወዳድሮ ይቀጥላል። ሰርቨሩንና ስዊቹን ዩፒኤስ ላይ ማድረግ ያተርፋል፤ ተቀባዮቹ ዩፒኤስ ከሌላቸው ግን ብዙም ለውጥ የለውም።

በቀጥታ ከማሽን ወደ ማሽን ከመላክ ይልቅ ኢሜጁን መጀመሪያ ሰርቨር ወይም ውጫዊ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ነገ አንድ ኮምፒውተር ቫይረስ ቢገባበት በሩብ ሰዓት ወደነበረበት ይመለሳል። ክሎንዚላ ኢሜጁን ወደ 4 ጊጋባይት በሚጠጉ ቁርጥራጮች መከፋፈል ስለሚችል ትልቅ ፋይል የማይቀበለው ፋት32 የሆነ ዲስክም ይይዘዋል። ሠላሳውን ከመሙላት በፊት አንዱን ብቻ ሞልቶ ማስነሳት፣ ሁለተኛውን ሞልቶ ሁለቱ አይፒያቸውና ስማቸው መለያየቱን ማየት፣ ፎልደር ተጋርተው መሞከር፣ ፕሪንት ማድረግ፣ አማርኛ መጻፍ ያስፈልጋል። የመንትዮች ችግር በአንድ ማሽን ላይ አይታይም፤ ሁለት ሲሆኑ ነው የሚወጣው።

ከሲስፕሬፕ በፊት የተወሰደ አንድ ኢሜጅም ለብቻው ይቀመጥ። በሚቀጥለው ሴሚስተር አዲስ ፕሮግራም ይጨመር ሲባል ያ ኢሜጅ ማስተሩ ላይ ይመለሳል፣ እድሳቱና አዲሱ ፕሮግራም ይገባል፣ አሁንም ከማጽዳቱ በፊት ቅጂው ይወሰድና ከዚያ ሲስፕሬፕ ይደረጋል። የሊኑክስ ላብ ያለው ግን ሙሉውን እንደገና መገልበጥ ላያስፈልገው ይችላል፤ ማታ ማሽኖቹ ክፍት ሆነው ከማስተሩ የተለወጠውን ብቻ በአርሲንክ ይወስዳሉ። የማሽን አይዲው፣ የኤስኤስኤች ቁልፎቹ፣ የማሽኑ ስምና ኤፍኤስታቡ ግን ከዝርዝሩ ውጭ እንዲሆኑ ቀድሞ መታዘዝ አለበት።